ጨርቅ የሌለው ስፌት

ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በአሥራ አራት ዓመቷ ነው። ያኔ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ልትማር ስትገባ አንገቷ መለሎ፣ ክንዷ ሸምበቆ፣ ነፋስ በበሩ ያስገባት እንጂ በእግሯ የመጣች አትመስልም ነበር። ዛሬ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰውነቷ ሞልቷል፤ በገዛ ሱቋ ደንበኞች ልብስ ከሚለኩበት መጋረጃ ጀርባ ለመግባት በጎኗ መሆን አለባት። ስሙ ግን እንዳለ ቀረ። መንገድ ላይ «መርፌ!» ብሎ የሚጠራት ሰው ክፋት የለበትም። እሷ ግን በተጠራች ቁጥር ዞር የሚሉትን ዓይኖች ትቆጥራለች፤ ከስሙ ወደ ገላዋ፣ ከገላዋ ወደ ስሙ የሚመላለሱትን፣ ከዚያም ከንፈር ላይ ትንሽ ፈገግታ አስቀምጠው የሚያልፉትን።

የሙያ ነገር ሲነሳ ግን የሚስቅባት የለም። ጨርቅ በጣቶቿ መካከል ሲያልፍ ውሃ በለሰለሰ ድንጋይ ላይ የሚወርድ ይመስላል። የሰውን ትከሻ አንዴ አይታ፣ ሜትር ሳትዘረጋ ልኩን ትናገራለች። ጀርባው ለጎበጠው የሚያቃና፣ ደረቱ ለጠበበው የሚሞላ አድርጋ ትሰፋለች፤ ሰው ከእሷ ዘንድ ሲወጣ ጉድለቱን መጋረጃው ጀርባ ጥሎት የወጣ ያህል ቀና ብሎ ይሄዳል። ለራሷ ያላት አራት ሰፋፊ ጥቁር ቀሚስ ነው፤ አራቱም በአንድ ቅድ፣ አራቱም በግምት የተሰፉ። ሜትሩን በገዛ ወገቧ ዙሪያ ካዞረችው ስንት ዓመት እንደሆነው አታውቅም። ስትሠራ የምታንጎራጉራት ስንኝ ነበረቻት፦

የሰው ልክ ስለካ ዕድሜዬ አለቀ፣
የእኔ ልክ የት ገባ፣ የት ሄዶ ወደቀ።

የሚሰማት ሰው ሁሉ ስለ ፍቅር የምታንጎራጉር ይመስለው ነበር።

ሱቋ አንድ መስኮት፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም መስታወት፣ ከኋላ ደግሞ በስስ እንጨት የተከፈለች የመተኮሻ ክፍል አለው። በዚያች ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የቆሙት እትዬ ካውያ ናቸው። ስልሳን ያለፉ፣ አጭር፣ ፈጣን፣ አፋቸው ከያዙት ብረት የማይበርድ ሴት። ነጭ ልብስ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ይታጠባሉ፤ ካውያውን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ በአሮጌ ሸሚዝ ላይ አንዴ ይሞክሩታል። በዕድሜያቸው አንድም ልብስ አላቃጠሉም፣ አንድም አላቆሸሹም። ከዚህ ሌላ የሚኩራሩበት ነገር አልነበራቸውም፤ በዚህ ግን በደንብ ይኩራሩበት ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ሴቶች በመቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ይቀመጣሉ። መርፌ ግማሽ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ከግማሹም ግማሹን ታስተርፋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ምሳ ነው ቅምሻ?»

«ጠገብኩ እትዬ፣ እውነቴን ነው።»

«ይሄ ሁሉ ሰውነት በአየር ነው የቆመው በይኛ!»

«አየሩ ወፍራም ነው እትዬ፣ ምን ላድርግ።»

ይስቃሉ። መርፌ ከእትዬ አብልጣ ትስቃለች። ሰው ሳይቀድማት በራሷ መሳቅን ከልጅነቷ ጀምሮ ተክናበታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ እትዬ ካውያ ክፍላቸው ገብተው እንፋሎቱ ማፏጨት ሲጀምር፣ መርፌ ከመስኮቱ ራቅ ወዳለው መኪና ትዞራለች። በመሳቢያው ውስጥ፣ ከክር ጥቅሎቹ ሥር፣ ብስኩት አለ፤ ቸኮሌት አለ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ኬክ አለ። የብስኩት ላስቲክ ሲቀደድ እንዴት እንደሚንኮሻኮሽ የታወቀ ነው። እሷ መላ አበጅታለት ነበር። ከመርፌው ሥር ጨርቅ ሳታስገባ ፔዳሉን ትረግጣለች። መኪናው ይንጣጣል፣ ሱቁ የሥራ ድምፅ ይሞላዋል፣ ከድምፁ ሥር ላስቲኩ ይቀደዳል። ቀኝ እግሯ ይረግጣል፣ ግራ እጇ ከመሳቢያ ወደ አፏ ይመላለሳል። በመንገድ የሚያልፍ ሰው «አቤት ትጋት!» ብሎ ያልፋል።

ጣዕሙ ከመጀመሪያው ቁራጭ አይዘልም። ሁለተኛው፣ አምስተኛው፣ አሥረኛው መዋጥ ብቻ ነው። አንድ ሰው ከውስጧ «በቃ» ይላታል፤ ሌላው ደግሞ ጥቅሉ ባዶ ካልሆነ ዕረፍት የለም ይላታል፤ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ሁለተኛው ነው። ሲያልቅ ፍርፋሪውን በመዳፏ ትሰበስባለች፣ ላስቲኩን ከቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ሥር ትቀብራለች፣ አፏን ትጠርጋለች። ከዚያ ነው ሐፍረቱ የሚመጣው፤ እንደ ትኩስ ውሃ ከሆዷ ተነስቶ እስከ ጆሮዋ። «ከነገ ጀምሮ» ትላለች። ለዓመታት ስትለው የኖረችው «ነገ» አንድ ቀን እንኳ ሌሊቱን ተሻግሮ ወደ እሷ አልመጣም።

አጀማመሩን ታስታውሳለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናቷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ታላቅ እህቷ እያስታመመች፣ እሷ ብቻዋን ቤት ትውል ነበር። ጎረቤት «ልጅቷ እንዳትራብ» ብሎ አንድ ትልቅ ጣሳ ብስኩት ሰጣት። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ፍርሃት ድምፅ ነበረው፤ በጣሪያው ይንኳኳል፣ በበሩ ይንሾካሾካል። ስታኝክ ግን አይሰማትም። ጣሳው ባለቀ በሦስተኛው ቀን እናቷ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጸጥታ በመጣ ቁጥር መንጋጋዋ የሚያኝከው ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ገላዋ ምስጢሯን ይጠብቅላት ነበር። ከሠላሳ ዓመቷ በኋላ ገላዋም አሳጣት።

ባለፈው ዓመት የታላቅ እህቷ ልጅ ልታገባ ሆነ። መርፌ ልጅ አልወለደችም፤ ይህችን ልጅ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ሰፍታ አልብሳ ያሳደገቻት እሷ ናት። «አክስቴ፣ ከአንቺ እጅ ካልሆነ አላገባም፤ ለእሱም ነግሬዋለሁ» አለች ልጅቷ። መርፌ ነጭ ሳቲን መረጠች፤ ሲነካ የሚያንሸራትት፣ ብርሃን ሲያርፍበት የሚነቃ። በቀሚሱ ምክንያት ለራሷ ቃል ገባች፤ እስኪያልቅ ድረስ በመሳቢያዋ ውስጥ ከክር በቀር ምንም አይገባም። ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ዘጠኝ ሰዓት ሲመጣ ጥርሷን ነክሳ ትሰፋ ነበር።

ለሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ታላቅ እህቷ ብቻዋን መጣች። ቀሚሱን ዞራ አየች፣ አደነቀች፣ ከዚያ መርፌን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አንቺስ ምን ልትለብሺ ነው?»

«ጥቁሩን። አዲሱን ጥቁር።»

«ፎቶው ላይ ከኋላ ብትቆሚ ይሻላል መሰለኝ። ለራስሽ ብዬ ነው ደግሞ፣ እንዳታኮርፊ!»

«አታስቢ እታለም፣ ሙሽራዋን እንዳልጋርዳት እኔም ፈርቼ ነበር» አለች መርፌ። ሳቀች። እህቷም ሳቀች። ሸኝታት ስትመለስ እግሯ ወደ ሱቁ አልሄደም፤ ማዶ ወዳለው ኬክ ቤት ሄደ። አራት ክሬም ኬክ። «እንግዳ አለብኝ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ተቀመጠች። ፔዳሉን ረገጠች። ቀሚሱ ከጎኗ ተሰቅሎ ያያታል፤ ፊቷን አዞረችበት። አራተኛውን ስትውጥ የእትዬ ካውያ እግር ኮቴ ተሰማት። በመሐረብ አፏን፣ በቀሚሷ እጇን ጠራርጋ፣ ሥራ ላይ ለመምሰል ሳቲኑን ከማንጠልጠያው አወረደችና ወገቡ ላይ ስፒል መሰካት ጀመረች። አውራ ጣቷ ላይ የቀረች ስስ የክሬም ቅባት ነበረች። ነጭ በነጭ ላይ አትታይም። መርፌም አላየቻትም።

በማግሥቱ ጠዋት ሙሽራዋና እናቷ ለመጨረሻ ልክ መጡ። እትዬ ካውያ እጃቸውን ታጥበው፣ ካውያውን ጠርገው፣ በአሮጌው ሸሚዝ ላይ አንዴ ሞክረው፣ ቀሚሱን ጀመሩ። ያኔ ሁሉም መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ሙቀቱ ወገቡ ላይ ሲደርስ ቅባቱ ቀለጠ፤ ተዘረጋ። ካውያው ሲነሳ በነጩ ላይ ደብዘዝ ያለ፣ ዙሪያው የጠቆረ ክብ ታየ።

«ምንድን ነው ይሄ?» እህቷ ጮኸች። «ዘይት ነው! ዘይት አፈሰሱበት!»

«ዘይት ከየት ይመጣል እመቤት? ካውያዬ ንጹሕ ነው፤ ይኸው ይዩት!»

«ንጹሕ ከሆነ ይሄ ከሰማይ ወረደ? ወርቅ የመሰለ ቀሚስ! ዓይንዎ ካላየ ለምን ይነካሉ?»

ሙሽራዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላለች። መርፌ ክቡን አየችው። ስፋቱን ታውቀዋለች፤ ልክ የማወቅ ሙያ ነው ያላት። የአውራ ጣቷ ልክ ነው። እንድትናገር የሚያስፈልጋት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ «እኔ» የምትል። እህቷ ዞረች፣ ዓይኗን አፈጠጠችባት፣ መልስ ጠበቀች። ያኔ ከመርፌ አፍ ሌላ ነገር ወጣ፦

«እትዬ… ምነው፣ ዛሬስ ካውያውን ሳይጠርጉት ቀሩ?»

እትዬ ካውያ ትንሽ ጊዜ ብቻ አዩዋት፤ መጀመሪያ ዓይኗን፣ ከዚያ እጇን። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀሉ። ሽርጣቸውን ፈትተው አራት ቦታ አጠፉት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ወጡ። ማንም አልጠራቸውም።

እድፉ አልለቀቀም። መርፌ እላዩ ላይ ነጭ የሐር ጥልፍ አበባ ሠራችበት፤ አንዷ ብቻ እንዳትመስል በወገቡ ዙሪያ ስድስት ጨመረች። ሠርጉ ላይ ሰው ሁሉ ስለ አበቦቹ አወራ። «ከዚያች ሴትዮ ጥፋት ይሄን የመሰለ ውበት ታወጣ!» እያለች እህቷ ለእያንዳንዱ እንግዳ ታሪኩን ነገረች። መርፌ ፎቶው ላይ ከኋላ ቆመች። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያመሰግናት አንድ ነገር በአፏ አልዞረም። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን የበላችውን እግዜር ይወቀው። ሱቁ ውስጥ ሰው ስለሌለ መኪናውን ባዶ መንዳት እንኳ አላስፈለጋትም። ላስቲኩ በጸጥታው ውስጥ ሲቀደድ እንደ ጩኸት ይሰማት ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ጠዋት ጉልበቷ ከወንበር አላስነሳ ሲላት ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የመርፌ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ጉልበቷን ነካካች፣ መድኃኒት ጻፈች፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሰው ፊት ምን ያህል ትበያለሽ?»

«ትንሽ። እንደ ወፍ ነው የምበላው።»

«ብቻሽንስ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ ማንም ያልጠየቃት ጥያቄ ነበር። መርፌ የክፍሉን ግድግዳ አየች፣ የገዛ ጫማዋን አየች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ ቀስ ብሎ ሳይሆን ተንደርድሮ።

«ሆዳም ነኝ ዶክተር። ሌላ ነገር የለብኝም፤ ሆዳም ነኝ።»

«ሆዳም የሚባለው በደስታ የሚበላው ሰው ነው» አለች ሐኪሟ። «አንቺ ስትበይ ደስ ይልሻል?»

መርፌ «አይ» ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ከልጅነቷ የብስኩት ጣሳ እስከ መሳቢያዋ ድረስ ነገረቻት።

«እንግዲያው ይሄ ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ ሐኪም የምግብ ሱስ ይለዋል፣ ሌላው ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ በስሙ አንጣላ። ስኳርና ቅባት የበዛበት ነገር ጭንቀትን ለጊዜው ያደበዝዘዋል። ጭንቅላትሽ ይሄን በልጅነቱ ተማረ፣ ሲከፋው ወደዚያው ይሮጣል። ቀን ሰው ፊት ራስሽን ታስርቢያለሽ፣ ከሰዓት የተራበው ገላሽ ይበቀልሻል። ከዚያ ታፍሪያለሽ፤ ሐፍረቱ ራሱ መልሶ ያስበላሻል። ቆራጥ ስላልሆንሽ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ብዪ። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በሰዓቱ፣ እስክትጠግቢ፣ ከተቻለ ከሰው ጋር። ልብሽ ወደ መሳቢያው ሲሄድ ከዚያ በፊት ምን እንደተሰማሽ ጻፊ። ደግሞ ብቻሽን አትወጪውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኙ ሰዎች አሉ።»

ሰዎቹ የሚገናኙት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል ነበር። ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸው፤ ሰባት ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን ደረታቸው ድረስ አጥፈው ተቀምጠዋል። መርፌ በሩ ላይ ስትደርስ ልትመለስ ፈለገች። አንድ ሽበታም የአውቶቡስ ሾፌር አያት።

«ግቢ እህቴ፣ ወንበሩ ይችልሻል። እኔን ችሎ የለ!»

ሾፌሩ ያን ቀን የራሱን ተናገረ። ዘመዶቹ ለልጃቸው ልደት ኬክ እንዲያደርስላቸው አደራ ሰጥተውት ነበር። ማቆሚያው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ ሽፋኑን ከፈተ፤ ጠርዙን ብቻ ሊልስ ነበር። «ግማሹ ሲያልቅ ወደ ልቤ ተመለስኩ። አሁን ምን እላለሁ? የቀረውን መቀመጫው ላይ አስቀምጬ… ተቀመጥኩበት።»

«ምን አልክ?» አለ አንዱ።

«ተቀመጥኩበት ነው የምልህ! ‹ፍሬን ስይዝ ተንሸራቶ ሥሬ ገባ› አልኳቸው። ሱሪዬን አሳየኋቸው። እናትየው እኔን ታጽናናኛለች፣ ልጁ ያለቅሳል።» ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠ። «ልጁ ያን ቀን ስድስት ዓመቱ ነበር። ዛሬም ዓይኑን ማየት ያቅተኛል።»

መርፌ በሦስተኛው ቅዳሜ አፏን ከፈተች። መሳቢያውን፣ ባዶ የሚንጣጣውን መኪና፣ አራቱን ኬክ፣ ክቡን እድፍ፣ የታጠፈውን ሽርጥ። ስትጨርስ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ መንጋጋዋ ግን የሚያኝከው ነገር አልፈለገም።

ሾፌሩ ጎንበስ አለ። «ለእኛ ነገርሽን። እሳቸውስ?»

«የት አባቴ ብዬ? በየትኛው ፊቴ?»

«እሱን አላውቅም። እኔም ልጁን ገና አልነገርኩትም። ግን አንቺ ነጻ ያወጣሽው ራስሽን ነው፤ ሴትዮዋ እስካሁን ጥፋተኛ ናቸው።»

ያን ሳምንት በሰዓቱ በላች። ቁርስ እንቁላልና ዳቦ፣ ምሳ ሙሉ ሳህን፣ በሱቁ ደጃፍ ወንበር አውጥታ፣ ሰው እያያት።  ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ግን የመተኮሻ ክፍሏ ጸጥታ ይጠራታል። ሐሙስ ዕለት አልቻለችም። ሁለት ጥቅል ብስኩት ከቆመችበት ጨረሰች። ከዚያ ሐኪሟ እንዳለችው ወረቀቱን አወጣችና ጻፈች፦ «ከመብላቴ በፊት የተሰማኝ፤ እትዬ።» ሌላ ቃል አልመጣላትም። ሱቁን ዘጋችና በዚያው ሄደች።

እትዬ ካውያ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ጥግ ባለች አንድ ክፍል ነው። በሩን ሲከፍቱ አልተገረሙም። ግቢም አላሉ፣ ሂጂም አላሉ። መርፌ ደፉ ላይ እንደቆመች ተናገረች፤ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶ «እድፉ የእኔ ነው እትዬ፣ የኬክ ክሬም ነው፣ በእጄ ነው» ብቻ ቀረ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ባዶ መኪናና ጨርቅ የያዘ መኪና ድምፁ አንድ መሰለሽ? አሥራ አንድ ዓመት! ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መኪናው ምን ጨርቅ እንደሚሰፋ የማላውቅ መሰለሽ? ሆነ ብዬ እንፋሎቱን አስጮህ ነበር፤ እንዳታፍሪ ብዬ።»

መርፌ የበሩን መቃን ያዘች። ሠላሳ ሰው ፊት ራቁቷን የቆመች ያህል ተሰማት። ይህን ሁሉ ዘመን ከሳቸው የደበቀች ሲመስላት፣ ለካ እሳቸው ናቸው ከሰው የደበቋት።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰለለ። «አሁንም እየጠበቅኩ ነው። እህትሽ በየሠርጉ፣ በየለቅሶው ስታወራ ወሬው ቀድሞኝ ሄደ። ላውንደሪ ገብቻለሁ። ቱታና ብርድ ልብስ ነው የሚሰጡኝ። ነጭ ልብስ ሲመጣ ከእጄ ላይ ይወስዱታል። ገባሽ? ከእጄ ላይ!»

«ምን ላድርግ እትዬ?»

«እዚህ ደጄ ላይ ማልቀሱን ተዪው። የተናገርሽው ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት መልሺው።»

እህቷ ቤት የሄደችው በማግሥቱ ነበር። ሙሽራዋም ነበረች። መርፌ አልተቀመጠችም፤ ከተቀመጠች ወሬው ወደ ሌላ እንደሚዞር ታውቃለች። ስትጨርስ እህቷ መጀመሪያ ሳቀች።

«ቀልድሽን ነው አይደል? አንቺ እንኳን አራት ኬክ፣ አንድም…» ሳቋ አለቀ። የእህቷን ፊት አየች። «እና እኔን ለሰው ሁሉ ውሸታም አደረግሽኝ? እኔ እኮ በየቤቱ ተናገርኩ!»

«አንቺን አይደለም እታለም። ውሸቱ የእኔ ነው። እየዞርሽ እንደተናገርሽው፣ እየዞርሽ ታስተካክይልኛለሽ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ምን ብዬ ልናገር? እህቴ ተደብቃ ኬክ ትበላለች ልበል? ኧረ አታዋርጂኝ!»

«እንደዚያ በይ። እንደዚያው ነው።»

ሙሽራዋ ብድግ ብላ ቁም ሳጥን ከፈተች። ቀሚሱን አላወጣችም፤ እጇን ብቻ አስገብታ ወገቡን ዳበሰች። «አክስቴ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች፣ «ያቺን ሴትዮ እኮ እኔም ዝም አልኩባቸው። ነገ ላውንደሪው ስትሄጂ አብሬሽ ልሂድ?»

«አይ ልጄ። አንቺ ካለሽ እደበቅብሻለሁ።»

ላውንደሪው ጠባብ ነው፤ ከፊት መቀበያ ጠረጴዛ፣ ከኋላ እንፋሎት። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ደንበኞች ተሰልፈው ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ መርፌን ያውቋታል። እሷ መርጣ የመጣችው ሰው ያለበትን ሰዓት ነው፤ በሩ ላይ ስትደርስ ግን ምርጫዋን ረገመች። ባለቤቱ ወፈር ያለ፣ ቀልደኛ ሰው ነው።

«ኦ መርፌ! ዛሬ ደግሞ የምናጥበው ምን አመጣሽ?»

«የማመጣው ልብስ የለኝም። ልናገር ነው የመጣሁት።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «የእህቴን ልጅ የሠርግ ቀሚስ ያቆሸሹት እትዬ አይደሉም። እኔ ነኝ። ኬክ በልቼ በቅባት እጄ ነካሁት። በሳቸው አሳበብኩ። ካውያቸው ንጹሕ ነበር፤ እጃቸውም ንጹሕ ነበር።»

አንዷ ደንበኛ ዓይኗ ከመርፌ ፊት ወደ ሆዷ ወረደ፤ እዚያው ቆየ። መርፌ እጇን አጣምራ ልትሸፍነው ፈለገች፤ አልሸፈነችውም።

ባለቤቱ አላስቻለውም። «እኔ እኮ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ እል ነበር! ስንት ኬክ ነበር መርፌ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ከዚህ በፊት ቢሆን ከሁሉም ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች። ከንፈሯ በልማድ ተንቀሳቀሰ፤ ያዘችው።

«አራት» አለች። «በሽታ ነው፤ ሐኪሜ በሰዓት ብዪ ብላኝ እየታከምኩ ነው። እሳቸው ግን የሳቸው ያልሆነ እድፍ ተሸክመው ከሦስት ወር በላይ ኖሩ። ነጭ ልብስ ይስጧቸው። የመጣሁት ለዚህ ነው።»

ሳቁ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት መሃል ላይ ቆመ። ከእንፋሎቱ ውስጥ እትዬ ካውያ ወጡ። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ባለቤቱን እንጂ መርፌን አላዩም።

«ሳቅህን ከጨረስክ ያን ሸሚዝ አምጣ።»

ጠረጴዛው ላይ፣ በክምሩ አናት፣ ነጭ ሸሚዝ ነበር። ባለቤቱ ሸሚዙን አየ፣ ደንበኞቹን አየ፣ አንስቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እትዬ ካውያ አልተቀበሉትም፤ መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ከዚያ ተቀበሉ። ሸሚዙ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ ሁሉም ሰው አየ። ብረቱ ከአንገትጌው ጀመረ፣ በትከሻው ወረደ፣ ክንዱ ላይ ደረሰ።

መርፌ እንደቆመች ናት። 

«እትዬ፣ ወደ ሱቁ…»

«አልመለስም። አሁን አይደለም።» ዓይናቸውን ከሸሚዙ አላነሱም። «ሐኪሟ በሰዓት ብዪ አለችኝ አላልሽም?»

«ብላኛለች።»

«ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ምን ትገተሪያለሽ እዚህ? ሂጂ ምሳሽን ብዪ። ሙሉውን።»